ገዳዩ ኮረንቲው ነው ወይስ ብረቱ?

እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ ባርኔት ሮዘንበርግ የተባለ የባዮፊዚክስ ተመራማሪ በአሜሪካ ሚሺጋን ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሥራ ሲጀምር አንድ ሐሳብ ይከነክነው ነበር። ሕዋስ ለሁለት ሊከፈል ሲል በማይክሮስኮፕ የሚታዩት ክሮች አሰላለፍ፣ በማግኔት ዙሪያ የተበተነ የብረት ብናኝ የሚሠራውን ቅርጽ ያስታውሰዋል። የሕዋስን መከፈል ኤሌክትሪክ ይነካው ይሆን? ለሙከራው በቀላሉ የሚራባውን ኢ. ኮላይ የተባለ ባክቴሪያ መረጠ። ምግብ ያለበት ፈሳሽ ሳያቋርጥ በሚገባበትና በሚወጣበት ዕቃ ውስጥ አኖረው፤ ሁለት የፕላቲነም ኤሌክትሮዶች ነከረበትና ኮረንቲ ለቀቀ። ፕላቲነም የተመረጠው ከምንም ነገር ጋር የማይዋሐድ፣ ኮረንቲ ከማስተላለፍ በቀር ሌላ ጣጣ የሌለው ብረት ነው ተብሎ ነበር።

አንድ ሁለት ሰዓት ሲያልፍ በባክቴሪያ ደፍርሶ የነበረው ፈሳሽ እየጠራ ሄደ። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን የቀሩት ባክቴሪያዎች ሬሳ አልነበሩም። መከፈል አቅቷቸው ቁመታቸው ብቻ ይረዝም ነበር፤ አንዳንዶቹ ከተለመደው ቁመታቸው 300 እጥፍ ያህል ረዝመው ክር መስለዋል። ኮረንቲው ሲጠፋ ደግሞ መከፈላቸውን ቀጠሉ። ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ብዕሩን አንስቶ ኤሌክትሪክ የባክቴሪያን መራባት ያግዳል ብሎ በጻፈ ነበር። ሮዘንበርግና ረዳቱ ሎሬታ ቫን ካምፕ ግን ነገሩን ከሥሩ ማየት መረጡ። ቀደም ብሎ ኮረንቲ ያለፈበትን ፈሳሽ ወስደው፣ ኮረንቲ በሌለበት፣ አዲስ ባክቴሪያ ላይ ሞከሩት። ባክቴሪያው አሁንም ረዘመ።

እንግዲህ ሥራውን የሠራው ሌላ ነበር። ዝምተኛ የተባለው ፕላቲነም በኮረንቲው ኃይል በጥቂት በጥቂቱ እየሟሟ፣ ፈሳሹ ውስጥ ካለው አሞኒያና ክሎራይድ ጋር ተዋሕዶ አዲስ ውሕድ ፈጥሯል። ግኝቱ በ1965 «ኔቸር» ላይ ወጣ። የሕዋስን መከፈል የሚያግድ ነገር ካንሰርንም ያግድ ይሆናል የሚለው ሐሳብ ተከተለና ሲስፕላቲን የተባለው መድኃኒት ተወለደ፤ በ1978 በአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ጸደቀ። ዛሬም በመላው ዓለም፣ በአገራችንም ጭምር፣ ለካንሰር ሕሙማን ይሰጣል።

ይህን ታሪክ ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። ዛሬ ኢንፌክሽንን በኤሌክትሪክ ለመከላከል የሚሠሩ ፋሻዎች፣ የሽንት ቱቦዎችና በአጥንት ውስጥ የሚገቡ ብረቶች ቁጥራቸው እየበዛ ነው። የእያንዳንዱ ማስታወቂያ «በኤሌክትሪክ ኃይል ባክቴሪያን ያጠፋል» ይላል። ጠጋ ብሎ ላየው ግን አብዛኛውን ጊዜ ኮረንቲው ራሱ አይገድልም። አንድ ነገር ያሟሟል፣ አንድ ነገር ይፈጥራል፣ ወይም አካባቢውን ይለውጣል፤ ገዳዩ ያ ነው። ልዩነቱ የቃላት ጨዋታ እንዳይመስል። ብር እየሟሟ የሚሠራ ፋሻ ብሩ ሲያልቅ ሥራው ያልቃል። ኦክስጅን እየለወጠ የሚሠራ ፋሻ አየር ከታፈነ አይሠራም። መሣሪያው የት እንደሚጠቅምና የት እንደማይጠቅም የሚታወቀው በዚህ ነው።

ብረት ላይ የሰፈረ ባክቴሪያ

ኢንፌክሽን ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው በደም ወይም በሽንት ውስጥ በየፊናው የሚዋኝ ተሕዋስ ነው። አንቲባዮቲክም በቤተ ሙከራ የሚፈተነው ባብዛኛው በእንዲህ ያለው ላይ ነው። ባክቴሪያ ግን ጠንካራ ገጽ ሲያገኝ ጠባዩ ይለወጣል። ይለጠፋል፣ ይራባል፣ ከዚያ በዙሪያው ከስኳርና ከፕሮቲን የተሠራ ዝልግልግ ነገር ያመነጫል። ተልባ በውሃ ተዘፍዝፎ ሲያድር በፍሬዎቹ ዙሪያ የሚፈጠረውን የሚያሟልጭ ነገር ማሰብ ነው። ተመራማሪዎች ባዮፊልም ይሉታል። ጠዋት ጥርሳችንን ሳንፍቅ በምላሳችን የምንዳስሰው ሽፋን አንዱ ዓይነት ነው።

በዚህ ሽፋን ውስጥ ያለ ባክቴሪያ ሲዋኝ ከነበረው ዘመዱ ይልቅ አንቲባዮቲክን እስከ 1000 እጥፍ ሊቋቋም ይችላል። መድኃኒቱ ጭራሽ አይገባም ማለት አይደለም። ወደ ውስጥ በተጠጋን መጠን ኦክስጅንና ምግብ ስለሚያንስ የውስጠኞቹ ባክቴሪያዎች ሥራ ፈተው ያንቀላፋሉ፤ ብዙዎቹ አንቲባዮቲኮች ደግሞ የሚመቱት ሥራ ላይ ያለውን፣ ግድግዳ የሚገነባውንና ፕሮቲን የሚሠራውን ነው። የተኛውን አልፈውት ይሄዳሉ። መድኃኒቱ ሲቆም የተኛው ይነቃል።

ይህ በሰው ላይ ሲደርስ ምን እንደሚመስል ለማየት የሰው ሠራሽ ጉልበትን ነገር መውሰድ ይበቃል። ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ሠራሽ ጉልበት ከሚገባላቸው ከመቶ ሰዎች አንድ ሁለቱ ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ሕክምናው ግን ከባድ ነው። ቀዶ ሐኪሙ ጉልበቱን እንደገና ከፍቶ ከአጥንቱ ጋር በሲሚንቶ የተያያዘውን ብረት ይነቅላል። በዙሪያው ያለውን የተበላሸ ሥጋ ይፍቃል፤ ያጥባል። በብረቱ ቦታ አንቲባዮቲክ የተለወሰበት ሲሚንቶ ይሞላና ይዘጋል። በሽተኛው ለስድስት ሳምንት ያህል በደም ሥር መድኃኒት እየወሰደ፣ ያንን እግሩን እንደልቡ ሳይረግጥበት ይከርማል። ከዚያ ኢንፌክሽኑ ጠፍቷል ሲባል ሌላ ቀዶ ሕክምና፣ ሌላ አዲስ ብረት። ሁለት ጊዜ መከፈት ማለት ነው፤ ዕድሜው ለገፋ ሰው ይህ በቀላሉ የሚወጣ ዳገት አይደለም።

እኛ ዘንድ ሰው ሠራሽ ጉልበት ብዙም ባይኖር፣ በመኪናና በባጃጅ አደጋ ጭኑ ተሰብሮ «ብረት ገባለት» የሚባለው ሰው ቁጥር የትየለሌ ነው። ባክቴሪያው የብረቱን ዓላማ አይጠይቅም። መገጣጠሚያም ሆነ የስብራት መደገፊያ፣ ደም የማይዘዋወርበት ጠንካራ ገጽ እስከሆነ ድረስ ይመቸዋል።

በዚህ ላይ መድኃኒት የተላመዱት ባክቴሪያዎች አሉ። «ዘ ላንሴት» ላይ የወጣ ዓለም አቀፍ ጥናት እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ በቀጥታ በእነዚህ ሳቢያ 1.27 ሚሊዮን ሰዎች እንደሞቱ ገምቷል። አዲስ አንቲባዮቲክ በዝግታ ነው የሚመጣው። ወደ ኮረንቲ መዞር የመጣው ከዚህ ጭንቀት ነው።

መድኃኒትና ኮረንቲ ሲጣመሩ

የባዮፊልምን ነገር ለዓለም በማስረዳት ስሙ የሚነሣው ካናዳዊው ዊልያም ኮስተርተን ነው፤ በኋላ በአሜሪካ ሞንታና ስቴት ዩኒቨርሲቲ የባዮፊልም ምህንድስና ማዕከልን መርቷል። በ1992 ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናት እንዲህ ይላል፦ ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ በተባለው ግትር ባክቴሪያ ባዮፊልም ላይ ደካማ ኮረንቲ ብቻውን ይህ ነው የሚባል ጉዳት አያደርስም፤ መድኃኒቱም ብቻውን እንደዚያው። ሁለቱ አንድ ላይ ሲሆኑ ግን ባክቴሪያው ይረግፋል። ይህን ክስተት የባዮኤሌክትሪክ ውጤት ብለው ሰየሙት።

ግሩም ነገር ነው። ግን ለምን? በዚሁ ማዕከል የሠራው ፊሊፕ ስቲዋርት ከባልደረቦቹ ጋር በ1999 ያወጣው ጥናት አንድ መልስ ሰጠ፤ በበኩሌ በዚህ ዘርፍ ካነበብኳቸው ሁሉ የምወደው ይህን ነው። ኮረንቲ በውሃ ውስጥ ሲያልፍ ውሃውን ይከፋፍላል፤ በአንደኛው ጫፍ ኦክስጅን ይወጣል። ያ ኦክስጅን ወደ ባዮፊልሙ ሲገባ ታፍነው የተኙት ባክቴሪያዎች ነቅተው መብላትና መሥራት ይጀምራሉ። ቶብራማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ታዲያ አሁን የሚመታው ነገር አገኘ። ስቲዋርት ይህን ለማረጋገጥ ኮረንቲውን ትቶ ኦክስጅን ብቻ ጨመረበት፤ የመድኃኒቱ ኃይል አሁንም ከፍ አለ። ሙሉ ማብራሪያ አይደለም፤ ጥናቱም በርዕሱ ላይ «በከፊል» ብሎ ነው ያስቀመጠው። እንዲህ ያለ ጨዋነት በማስታወቂያ ላይ አይገኝም።

በሚኒሶታ ማዮ ክሊኒክ ሮቢን ፓቴልና ባልደረቦቿ ደግሞ በ2009 መድኃኒቱን ከነጭራሹ አስቀርተው ኮረንቲውን ብቻ ለቀናት ለቀቁት። ከ20 እስከ 2000 ማይክሮአምፔር የሚደርስ፣ እስከ ሰባት ቀን። ባዮፊልሙ ተመናመነ። ትዕግሥት ካለ መድኃኒት ባይኖርም ይቻላል ማለት ነው፤ ቢያንስ በቤተ ሙከራ ዕቃ ውስጥ።

ብር፣ ዚንክና ጨው ያለበት ውሃ

ሮዘንበርግ ሳያስበው የገጠመውን የብረት መሟሟት ሆን ብለው የፈለጉት በኒውዮርክ ግዛት ሲራኪዩዝ የነበሩት የአጥንት ሐኪሙ ሮበርት ቤከርና ጆሴፍ ስፓዳሮ ናቸው። በ1970ዎቹ የተለያዩ ብረቶችን በባክቴሪያ ላይ ሲያወዳድሩ፣ ኮረንቲው በጣም ደካማ በሆነ ጊዜ ጎልቶ ውጤት የሰጠው በፖዘቲቭ ጫፍ የተቀመጠ ብር ሆነ። ብሩ በኮረንቲው እየሟሟ የብር አዮን ይለቃል፤ አዮኑ የባክቴሪያውን ፕሮቲኖች እየያዘ ሥራ ያስፈታል። የብርን ፀረ ተሕዋስነት ሐኪሞች ከዚያ በፊትም ያውቁት ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ጀርመናዊው ካርል ክሬዴ አዲስ በተወለዱ ሕፃናት ዓይን ላይ የብር ናይትሬት ጠብታ በማድረግ ብዙዎችን ከዓይነ ስውርነት አድኗል። ቤከርና ስፓዳሮ የጨመሩት የኮረንቲውን መጠን በመቆጣጠር የአዮኑን መጠን መቆጣጠርን ነው። በ1978 ሥር የሰደደ የአጥንት ኢንፌክሽን ባለባቸው ሰዎች ላይ፣ ብር የተቀባ ናይለን ጨርቅ ቁስሉ ውስጥ አስገብተው የሠሩትን ሕክምና አሳተሙ።

ሐሳቡ ጥሩ ነበር፤ ግን ሽቦና ባትሪ ይፈልጋል። በሽተኛ ደግሞ ሽቦ ተሰክቶበት መንቀሳቀስ አይወድም። መፍትሔው የመጣው ከ1800 ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። በዚያ ዓመት በመጋቢት ወር ጣሊያናዊው አሌሳንድሮ ቮልታ ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ በጻፈው ደብዳቤ የመጀመሪያውን ባትሪ አሠራር ገለጸ፦ የብር ዝርግ፣ የዚንክ ዝርግ፣ በመካከላቸው በጨው ውሃ የራሰ ጨርቅ ወይም ካርቶን፤ እንደገና ብር፣ ዚንክ፣ ጨርቅ። ዛሬ በአሜሪካ ፈቃድ አግኝቶ ገበያ ላይ ያለው ፕሮሴሌራ የተባለ የቁስል ማሸጊያ ከዚያ የሚለየው በመጠንና በአደራደር ነው። ጨርቁ ላይ የብርና የዚንክ ነጠብጣቦች በተርታ ታትመዋል፤ ሽቦም ባትሪም የለውም። ደረቅ እያለ ተራ ጨርቅ ነው። ነርሷ በሳላይን ስታርሰው፣ ወይም ከቁስሉ የሚወጣው ፈሳሽ ሲነካው፣ በነጠብጣቦቹ መካከል ከአንድ ቮልት በታች የሆነ ኃይል ይፈጠራል። ፈሳሹ ሲደርቅ ይቆማል፤ ስለዚህ እርጥበቱን መጠበቅ የሕክምናው ግማሽ ነው።

ቻንዳን ሴን የተባለው ተመራማሪ በኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሳለ ከቡድኑ ጋር ይህን ጨርቅ በሱዶሞናስ ባዮፊልም ላይ ፈትኖታል። የባዮፊልሙ መሠራት ተደናቅፏል፤ ባክቴሪያዎቹ ቁጥራቸውን ለመመዘንና በአንድነት ለመሥራት የሚጠቀሙባቸው ዘረመሎችም ቀዝቅዘዋል። እዚህ ላይ የሮዘንበርግን ጥያቄ የማያነሣ አንባቢ የዋህ ነው፤ ብርም ዚንክም በራሳቸው ባክቴሪያን ይጎዳሉና። ኮረንቲው የራሱ ድርሻ እንዳለው ለማወቅ ያንኑ ብር፣ ያንኑ ዚንክ ይዞ ኮረንቲ እንዳይፈጥር ተደርጎ ከተሠራ ጨርቅ ጋር ማወዳደር ይጠይቃል። በየሆስፒታሉ የሚደረጉ ሙከራዎች ግን ብዙውን ጊዜ የሚያወዳድሩት ከተራ ፋሻ ጋር ነው። ለበሽተኛው ዳነ ወይም አልዳነ ይበቃው ይሆናል፤ ለቀጣዩ መሣሪያ ሠሪ ግን አይበቃውም።

በረኪና የሚሠራ ፋሻ

በአንደኛው የዓለም ጦርነት፣ የቁስል ማመርቀዝ ወታደሩን ከጥይት ባልተናነሰ በሚጨርስበት ጊዜ፣ እንግሊዛዊው ኬሚስት ሄንሪ ዴኪን ከፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም አሌክሲ ካሬል ጋር ሆኖ ለቁስል ማጠቢያ የሚሆን 0.5 ከመቶ የሶዲየም ሃይፖክሎራይት ፈሳሽ አዘጋጀ። በቤታችን በረኪና የምንለው ነው፤ በጣም ቀጥኖ፣ ሥጋ እንዳያቃጥል ተመጥኖ። የዴኪን ፈሳሽ ዛሬም በየሆስፒታሉ ይታወቃል። ያን ያህል የማይታወቀው፣ ዴኪን ለዳርዳኔልስ ዘመቻ ቁስለኞችን በምታጓጉዘው «አኲታኒያ» በተባለችው ግዙፍ የሆስፒታል መርከብ ላይ የተከለው መሣሪያ ነው። መርከብ ላይ የባሕር ውሃ ሞልቷል፤ የባሕር ውሃ ደግሞ ጨው ነው። ኮረንቲ ሲያልፍበት ጨው ውስጥ ያለው ክሎሪን ወደ ሃይፖክሎራይት ይለወጣል። መርከቧ መድኃኒት ከመጫን ይልቅ ከምትቀዝፍበት ውሃ ታመርት ነበር።

በዋሺንግተን ስቴት ዩኒቨርሲቲ የሃሉክ ቤየናል ቡድን ከማዮ ክሊኒኳ ሮቢን ፓቴል ጋር ሆኖ የሚሠራው የኤሌክትሮኬሚካል ፋሻ የዚህ ሐሳብ ታናሽ ወንድም ነው። ፋሻው ሲፈታ እንዲህ ነው፦ ሁለት ቁራጭ የካርቦን ጨርቅ፣ እንዳይነካኩ በመካከላቸው ጥጥ፣ እርጥበት የሚይዝ ከዛንታን ሙጫ የተሠራ ጄል፣ ቮልቴጁን ለመለካት በብር ክሎራይድ የተሸፈነ ቀጭን የብር ሽቦ። ይህን ሁሉ የሚቆጣጠር በትንሽ ባትሪ የሚሠራ ዕቃ አለ፤ ለሙከራ የተያዘችው አይጥ ይዛው እስክትንቀሳቀስ ድረስ ትንሽ ነው። ቁስሉን የሚነካው ጨርቅ ኔጌቲቭ 0.6 ቮልት ላይ ሲያዝ ከአየር የሚገባው ኦክስጅን ወደ ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ይለወጣል። በሌላው አቅጣጫ ሲያዝ ደግሞ የበረኪና ዘመድ የሆነው ሃይፖክሎረስ አሲድ ይፈጠራል።

ሃይድሮጅን ፐርኦክሳይድ ከፋርማሲ ተገዝቶ ቁስል ላይ ሲፈስ አረፋ ደፍቆ በጥቂት ደቂቃ ያልቃል፤ በዛ ከተባለ ደግሞ ጤነኛውን ሥጋም ያቃጥላል። ፋሻው በጥቂቱ፣ ሳያቋርጥ፣ እዚያው ቁስሉ ላይ ይሠራዋል። ኮረንቲው እዚህ ገዳይ ሳይሆን አምራች ነው። በአይጦች ቁስል ላይ፣ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ጭምር፣ ጥሩ ውጤት ታይቷል። አይጥ ግን አይጥ ናት፤ ቁስሏ የሚድነው ባብዛኛው ቆዳዋ ተሰብስቦ ሲገጥም ስለሆነ ከስኳር ሕመምተኛ እግር ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ብረቱን ራሱን ኤሌክትሮድ ማድረግ

ጉልበት ውስጥ ባለ ብረት ላይ ፋሻ አይደረስም። በኒውዮርክ ግዛት በቡፋሎ ዩኒቨርሲቲ ማርክ ኤረንስበርገርና ባልደረቦቹ ታዲያ ብረቱ ራሱ ታይታኒየም አይደለም እንዴ፣ ኮረንቲ ያስተላልፋል አሉ። ሽቦ አገናኝተው ኔጌቲቭ 1.8 ቮልት ለአንድ ሰዓት ሰጡት። በብረቱ ገጽ ላይ ውሃ ሲከፋፈል አካባቢው ኃይለኛ አልካላይን ይሆናል፤ በዚያ ውስጥ ባክቴሪያ አይቆይም። በ2015 በታተመው ጥናታቸው፣ ሜቲሲሊንን በተላመደ ስታፊሎኮከስ በተለከፉ አይጦች፣ በአጥንቱ ላይ የተገኘው ባክቴሪያ በ87 ከመቶ፣ በብረቱ ላይ የተገኘው በ98 ከመቶ ቀንሷል።

98 ከመቶ ሲባል ሥራው ያለቀ ይመስላል። ሒሳቡን ማስላት ደግ ነው። 98ቱ ሲሞቱ የቀሩት ከ50 አንድ ናቸው፤ 50 እጥፍ ለመሆን ስድስት ጊዜ እንኳ ሙሉ መከፈል አያስፈልጋቸውም። ስታፊሎኮከስ ምቹ ሁኔታ ካገኘ በግማሽ ሰዓት ገደማ እጥፍ ይሆናል፤ በሰውነት ውስጥ ይዘገያል እንጂ አይቀርም። ስለዚህ ነው የቡፋሎዎቹ በኋላ ኮረንቲውን ከቫንኮማይሲን ጋር ያጣመሩት፤ ኮረንቲው ባዮፊልሙን ይሰብራል፣ መድኃኒቱ የተበተነውን ይለቅማል። በዚህ ዘርፍ ያሉ የመቶኛ ቁጥሮችን ሁሉ በዚህ መነጽር ማየት ይበጃል።

በሽንት ቱቦ ላይም ተመሳሳይ ሙከራ አለ። ቱቦ በገባለት ሰው ሽንት ውስጥ ባክቴሪያ የመታየቱ ዕድል በየቀኑ ከ3 እስከ 7 ከመቶ ይጨምራል፤ በወር ውስጥ የማይገኝበት ሰው እምብዛም የለም። በሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሬዛ ጎድሲ ቡድን በቱቦው የውስጥ ግድግዳ ላይ እጥፍጥፍ የሚሉ ስስ ኤሌክትሮዶችን እየለጠፈ ባዮፊልሙን ለመለየትም ለማጥቃትም ይሞክራል። እስከዚያው ዋናው መከላከያ፣ የማያስፈልግ ቱቦ አለማስገባትና የገባውን በጊዜ ማውጣት ነው። ይህ ኮረንቲም ገንዘብም አይጠይቅም።

ሳይገድሉ ማረጋጋት

እስከ አሁን ያየናቸው ሁሉ፣ መንገዳቸው ቢለያይም፣ ባክቴሪያውን በኬሚካል ያጠቃሉ። የመጨረሻው ሐሳብ ከዚህ ወጣ ያለ ነው። ባክቴሪያ የራሱ ኤሌክትሪክ አለው። በሽፋኑ ውስጥና ውጭ ባሉት የፖታሲየምና የሌሎች አዮኖች ልዩነት ምክንያት የቮልት አንድ አሥረኛ ገደማ የሚሆን ኃይል ተሸክሞ ይኖራል። በሳን ዲዬጎ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲው ጉሮል ሱዌል ከቡድኑ ጋር በ2015 ያሳየው ነገር ሰው ያስገርማል። ባዮፊልሙ አድጎ የውስጠኞቹ ባክቴሪያዎች ምግብ ሲያጥራቸው ፖታሲየም ይለቃሉ፤ ያ በማዕበል መልክ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተላለፈ ጠርዝ ላይ ያሉት ይደርሳል፣ ጠርዞቹም እድገታቸውን ለጊዜው ያቆማሉ፣ ምግብ ወደ ውስጥ ይገባል። የአዮን በሩ የእኛ ነርቭ ከሚጠቀምበት ጋር ዝምድና አለው።

በኤሌክትሪክ የሚነጋገር ከሆነ በኤሌክትሪክ ማናገር ይቻላል ማለት ነው። ሱዌልና በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ የሚሠራው ቦዝሂ ቲያን ከቡድናቸው ጋር በጥቅምት 2024 «ዲቫይስ» በተባለ መጽሔት ያወጡት ጥናት ይህንኑ ሞክሯል። የመረጡት ስታፊሎኮከስ ኤፒደርሚዲስን ነው። ይህ ባክቴሪያ በሁላችንም ቆዳ ላይ በሰላም ይኖራል፤ በተቀደደ ቆዳ፣ በመርፌ ወይም በቱቦ በኩል ወደ ውስጥ ሲገባ ግን ጠላት ይሆናል። ባክቴሪያው ለኮረንቲው መልስ የሰጠው አካባቢው አሲዳም ሲሆን ብቻ ነበር። ጤነኛ ቆዳ ደግሞ በባሕርዩ ትንሽ አሲዳም ነው። በቤተ ሙከራ በየ10 ደቂቃው ለ10 ሰከንድ 1.5 ቮልት ለ18 ሰዓት ሲሰጡት የባዮፊልሙ መፈጠር በ99 ከመቶ ታገደ። 1.5 ቮልት አንድ የባትሪ ድንጋይ ያለው ነው፤ ሰው በቆዳው ላይ አይሰማውም። ከዚያ በስስ ላስቲክ ላይ ኤሌክትሮድ ሠርተው በአሳማ ቆዳ ላይ ለጠፉት፤ ባክቴሪያው ወደ አንድ አሥረኛ ገደማ ወረደ።

እዚህ ላይ ኮረንቲው የሚያሟሟው ብር፣ የሚያመርተው በረኪና የለም። ባክቴሪያዎቹ ሕይወታቸው ሳይጠፋ፣ ባዮፊልም የሚሠሩባቸውና ጉዳት የሚያደርሱባቸው ዘረመሎች ቀዘቀዙ። የማይገድል ነገር፣ የሚያመልጡትን እየመረጠ የማስቀረት ግፊቱም ትንሽ ስለሚሆን፣ መላመድን ያዘገያል የሚል ተስፋ አለ። ተስፋ ነው፤ የሚፈተነው በዓመታት ነው። ሌላም እክል አለ። ቁስል ሲሰነብት አሲዳምነቱን ያጣል፤ ስለዚህ ይህ ዘዴ መርፌ ወይም ቱቦ ከመግባቱ በፊት በጤነኛ ቆዳ ላይ ለመከላከል እንጂ ያመረቀዘ ቁስል ለማዳን አይመችም። እኔ ግን ይህን ጉድለት አልለውም። መከላከል ከሆነ ዓላማው፣ ቦታው እዚያው ነው።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ይህን አንብቦ የባትሪ ድንጋይ ከቁስሉ ጋር ለማገናኘት የሚያስብ እንዳይኖር። ኮረንቲው በማይክሮአምፔር ተመጥኖ ካልተሰጠ በኤሌክትሮዱ ሥር ያለውን ሥጋ በአሲድና በአልካላይን ያቃጥላል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን አውሮፓና አሜሪካ ሁሉን በሽታ ያድናሉ በተባሉ የኤሌክትሪክ ቀበቶዎች ተጥለቅልቀው ነበር፤ ዛሬም ኢንተርኔት ላይ ዘመዶቻቸው ይሸጣሉ።

የሳምንት ሒሳብ

በሰው ላይ የደረሱት ገና ጥቂቶች ናቸው። የብርና ዚንኩ ማሸጊያ ገበያ ላይ አለ። ካርቦን ፋሻው ገና ከአይጥ ብዙ አልራቀም፤ የቺካጎው ልጥፍ የአሳማ ቆዳ ላይ ነው። የታይታኒየሙ ዘዴ ወደ ሰው እንዲሻገር ጋርዉድ የተባለ የቡፋሎ ኩባንያ መሣሪያ ሲሠራ ቆይቷል። «ፈቃድ አገኘ» የሚለው ቃልም መጠንቀቅን ይጠይቃል። ለቁስል መሸፈኛነት ደኅና ነው ተብሎ መፈቀድ አንድ ነገር ነው፤ ኢንፌክሽንን ይከላከላል ተብሎ በሰው ላይ መረጋገጥ ሌላ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ወደ እኛ ሲመጣ መጀመሪያ የሚጠየቀው ዋጋው ነው፤ አንዱ ማሸጊያ ከአንድ ጥቅል ጎዝ ጋር ሲወዳደር ውድ መሆኑ አያከራክርም። ጎዝ ግን ቁስሉ መግል ካለው በየቀኑ ይቀየራል። በየቀኑ ሳላይን፣ ጓንትና ፕላስተር አለ፤ ብዙ ጊዜ አስታማሚው ወረቀት ይዞ ከሆስፒታሉ በር ላይ ካለው ፋርማሲ የሚገዛው ነው። በየቀኑ የተጣበቀው ጎዝ ሲነሣ አዲስ የበቀለው ሥጋ አብሮ ይነሣል፤ በሽተኛው ያቃስታል፤ የነርሷ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል፤ ከገጠር የመጣ ከሆነ ደግሞ የአልጋ ኪራይና የትራንስፖርት ገንዘብ አለ። የብርና ዚንኩ ጨርቅ እርጥበቱ ከተጠበቀ እስከ ሰባት ቀን ሊቆይ ይችላል፤ ሶኬት አይፈልግምና መብራት ቢጠፋም ሥራው አይቆምም። ስለዚህ መወዳደር ያለበት የአንዱ ፋሻ ዋጋ ከአንዱ ፋሻ ዋጋ ጋር ሳይሆን የሳምንቱ ወጪ ከሳምንቱ ወጪ ጋር ነው። የግዢ ክፍሎች የሚያሰሉት ግን በፍሬ ነው፤ የአስታማሚው ወጪና የነርሷ ሰዓት ደግሞ በጨረታ ሰነዳቸው ላይ ዓምድ የላቸውም።